ለአትክልተኛው የተፈቀደ ቤት

በወረቀት ከሄድን እኔ ባለ አራት ክፍል ቤት አለኝ። አምቡሊ ውስጥ፣ በደረቁ ወንዝ ዳር፣ ነጭ ግንብ፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ከፊቱ መዋኛ ገንዳ። ወረቀቱ «የአትክልተኛ መኖሪያ» ይለዋል፤ አትክልተኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ። የምተኛው ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲሽከረከር አልጋዬም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጠዋት ገንዳው ላይ የተንሳፈፈውን የቁራ ላባና ኩስ በመረብ እለቅማለሁ፤ ይህን ያህል ጊዜ ለቅሜም ዛሬ ድረስ ያቅለሸልሸኛል። የሚያቅለሸልሸኝ ኩሱ አይደለም። ኩስ ኩስ ነው፤ ቁራም ደንብ አልጣሰም።

ድንበር ተሻግሬ ወደዚህ የወደብ ከተማ የመጣሁት ከድሬዳዋ ነው። የአገሬ ልጆች በዚህ በኩል አድርገው ወደ የመን ሲሻገሩ እኔ ባሕር ስለምፈራ ቀረሁ። ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ እዚያው ባሕሩ ዳር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ተቀጠርኩና ባሕሩን እየፈራሁ ወደ ባሕሩ የሚያየውን መስኮት ስወለውል ዓመታት አለፉ። ማዳም ክፉ ናት ብዬ አልዋሽም። ያረጀ ልብሷን ትሰጠኛለች፣ ሲያመኝ መድኃኒት ትገዛልኛለች፣ እንግዳ ሲመጣ «የቤታችን ልጅ ናት» ትላለች። ባልዋ ከዶራሌ ወደብ ኮንቴይነር የሚያወጡ የጭነት መኪኖች አሉት። እስከ ቀትር ስልክ ላይ ይጮሃል፤ ጫቱ ከደረሰ በኋላ ግን ሰማይ ቢደፋ ከተቀመጠበት አይነሳም። ድሮ ሁለቱንም አንቱ እል ነበር። አሁንም በአፌ አንቱ እላለሁ፤ በልቤ ግን ትቻለሁ። ይህን የምጽፈው በልቤ ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ።

ባልየው ከአባቱ የወረሰው የአትክልት ቦታ ነበረው። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሎሚ፣ ናና እና ቴምር እንዳመጣ ወደዚያ ይልኩኝ ነበር። እነሱ ራሳቸው በዓመት አንዴም አይሄዱም፤ ትንኝ አለ ይላሉ። በአውቶቡስ እሄድና የመጨረሻውን መንገድ በእግሬ አቋርጬ የቆርቆሮውን በር ከኋላዬ ስዘጋ የከተማው ሙቀት ውጭ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያችን ሰዓት ነበር።

አትክልቱን የሚንከባከቡት አንድ የየመን ዘር ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። «አሚ» እላቸዋለሁ፤ በዓረብኛ አጎቴ ማለት ነው። እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። በወጥ ቤት ውስጥ በለቀምኩት ዓረብኛ ነው የምናወራው፤ ስሳሳት አይስቁብኝም፣ ደግመው በትክክሉ ይሉታል፣ እቀጥላለሁ። ግቢው መሐል ላይ ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ባልየው ገና ተማሪ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያች ክፍል ውስጥ ኖረዋል። ከበራቸው ፊት ለፊት ደግሞ የወይን ዳስ ነበረ። ግንዱ እንደ ሰው ጭን የወፈረ ነው፤ አባታቸው ቅርንጫፉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ከየመን በጀልባ ያመጡት ነው። እኔ ያደግሁበት የድሬዳዋ ግቢ ውስጥም የወይን ዳስ ነበረና መጀመሪያ ቀን ሳየው እንባዬ መጣ፤ አሚም ሲያዩኝ ምንም ሳይጠይቁ መቀመጫ ኩርሲ አመጡልኝ። ወይኑ እንኳን ለገበያ ለቤትም አይበቃም። ጥቂት ዘለላ፣ ፍሬው ድቅቅ ያለ፣ ቆዳው ወፍራም። ግን በዚህ ጨውና ድንጋይ በሆነ አገር ወይን ማፍራቱ ራሱ ነገር ነው።

ምሥጢሩ ውሃው ነበር። አሚ በየጠዋቱ ከጉድጓዱ የመጀመሪያውን ባልዲ ሲያወጡ በኩባያ ቀድተው አፋቸው ውስጥ ያቆዩታል። ቸኩለው አይውጡም፣ ቸኩለው አይተፉም። ዓይናቸውን ጨፍነው በምላሳቸው ያመላልሱታል። ጣፋጭ ከሆነ ይውጡትና የመጀመሪያዎቹን ባልዲዎች ለወይኑ ያጠጣሉ። ጥቂት ቆይተው ደግመው ይቀምሳሉ። ጨው ጨው ማለት ከጀመረ ለሎሚዎቹ። የባሰ ጨው ሲሆን ጢቅ አድርገው ይተፉታል፤ ያ ለቴምሮቹ ነው፣ ቴምር አይጠላም። ከዚያ ወዲያ ባልዲውን ሰቅለው እስከ ነገ ጉድጓዱን አይነኩትም።

«ጣፋጩ ከላይ ነው የተኛው» ይሉኝ ነበር፤ «ጨዋማው ከሥር። ቀስ ብለሽ ከቀዳሽ የታችኛው አይነቃም። ስግብግብ ሆነሽ ከጎተትሽ ግን ይነቃና ይቆጣል፤ ከተቆጣ በኋላ ማባበያ የለውም።»

ከጣፋጩ ውሃ አንድ እንስራ ተሞልቶ ወይኑ ሥር ይቀመጣል፤ አፉ ላይ ኩባያ ይደፋል። ወደዚያ ግቢ የገባ ሰው ሁሉ፣ ሎሚ ሊገዛ የመጣውም፣ መንገድ የጠፋበትም፣ ከዚያ እንስራ ሳይጠጣ አይወጣም። ለእግዚአብሔር እንግዳ ውሃ መንፈግ በአሚ ዘንድ የለም። በኋላ ወገባቸውን ሲያማቸው እንስራውን መሙላት የእኔ ሥራ ሆነ። እሱን ሥራ እንዴት እንደምወደው ልነግራችሁ አልችልም። ዐሥር የሀራሙስ መስታወት ከምወለውል ያንን አንድ እንስራ ብሞላ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ደንቡ መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

ደንቡ ክፉ አልነበረም፤ ይህን ካልተናገርኩ ውሸታም እሆናለሁ። በወንዙ ዳር ያሉት የአትክልት ቦታዎች ተሸንሽነው ለቤት መሥሪያ እንዳይሸጡ ይከለክላል። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ እነዚያ ቦታዎች አንድ በአንድ ግንብ ሆነው እያለቁ ነበርና ማንም ልብ ያለው ሰው የሚደግፈው ነገር ነው። ሆኖም አትክልት ያለ ሰው አይኖርም ብሎ በየቦታው አንድ ቤት ይፈቅዳል፤ አንድ ብቻ፣ ፎቅ የሌለው፣ አትክልቱን የሚንከባከበው ሰው እንዲኖርበት። ዛፎቹ በሕይወት መኖራቸው በየዓመቱ ይታያል። ዛፎቹ ከሞቱ ወይም ሰውየው ካልኖረበት ፈቃዱ ይነሣል፣ ቤቱም ይፈርሳል። ይህን የጻፈው ሰው፣ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ቀን ከአሚ እንስራ ሳይጠጣ አልቀረም ብዬ አስቤ ነበር።

ባልየው ደንቡን የሰማ ሰሞን ቤቱ ሲኦል ሆነ። «የአባቴን መሬት ማን ነው የሚከለክለኝ!» እያለ በስልክ ይጮኻል። እዚያ ቪላ ሠርቶ ለውጭ አገር ሰዎች ሊያከራይ አስቦ ኖሯል። ሳምንት ሳይሞላ ግን ፕላን የሚሠራለት ወዳጁ መጥቶ ወረቀቱን መስመር በመስመር አነበበለት። ሻይ እያቀረብኩ ነበር። ባልየው ድንገት ጭኑን መታ።

«ታዲያ አትክልተኛ አለን አይደል እንዴ!» አለ።

እስከዚያች ቀን አሚን በስማቸው ሲጠራ እንኳ ሰምቼው አላውቅም፤ «እዚያ ያለው ሽማግሌ» ነበር የሚላቸው። በዚያች ደቂቃ ጓዳ ውስጥ እንደተረሳ ጃንጥላ ዝናብ ሲመጣ ትዝ አሉት። እኔም ከት ብዬ ልስቅ ቃጣኝ። የመሰለኝ በመጨረሻ ለእሳቸው ቤት ሊሠራላቸው ነው። ሞኝነቴ እስከዚህ ድረስ ነበር።

ማመልከቻው የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። አሚ ቁርአን ያነባሉ፣ ፈረንሳይኛ ግን አይችሉም። እኔ ከማዳም ልጆች ደብተር የተማርኩት ፈረንሳይኛ ስላለኝ፣ እሳቸውም እኔን ስለሚያምኑ፣ ማዳም ወረቀቱንና የቀለም መርገጫውን አስይዛ ላከችኝ። ወይኑ ሥር ቁጭ ብለን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ይህን ያህል ዓመት ይህን አትክልት የጠበቁ፣ መኖሪያ የሚያስፈልጋቸው፣ ይላል። እውነት ነው። አሚ ጢማቸውን ሲዳብሱ ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«መስኮት ይኖረዋል? ወደ ወይኑ የሚያይ?»

ያች የቆርቆሮ ክፍላቸው መስኮት አልነበራትም። እዚያው ቆሜ ለማዳም ደወልኩ። «እንዴታ!» አለችኝ እየሳቀች። እኔም «እንዴታ» ብዬ ተረጎምኩላቸው፤ ከራሴም ጨምሬ «ትልቅ መስኮት» አልኳቸው። አሚ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፣ የተረፈውን ቀለም የወይኑ ግንድ ላይ ጠረጉት። ወረቀቱ መሥሪያ ቤቱ ወዳለበት ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሄዶ ተፈቅዶ ተመለሰ።

ግንባታው ሲጀመር መጀመሪያ የፈረሰችው የአሚ ክፍል ናት። ቤቱ እስኪያልቅ ለጊዜው ተብለው ከድሮ ጀምሮ ሥራ ባቆመው የውሃ ሞተር ቤት ውስጥ ፍራሽ አነጠፉ። የናፍጣ ሽታ ያለበት፣ ሰው እግሩን ዘርግቶ የማይተኛበት ቦታ ነው። ቤቱ ግን ተዘርግቶ አደገ። እኔ ዓርብ ዓርብ ስሄድ ባየሁት ቁጥር ይሰፋል። ወረቀቱ ፎቅ ስለሚከለክል ወደ ታች ቆፈሩ፤ ፕላኑ ላይ «የአካፋና የመቆፈሪያ ማስቀመጫ» የተባለው ምድር ቤት ውስጥ ምንጣፍ፣ ትራስ፣ ማቀዝቀዣ ገባ። ባልየውና ጓደኞቹ ከቀትር በኋላ የሚቅሙት እዚያ ነው። አንድም አካፋ ወርዶ አያውቅም። ገንዳው ደግሞ ፕላኑ ላይ «የመስኖ ውሃ ማጠራቀሚያ» ይባላል። ሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ፣ በመሰላል የሚወረድበት፣ ከሥሩ መብራት ያለው የመስኖ ውሃ! ውሸት ለምጃለሁ፤ ሰው ቤት ተቀጥሮ የኖረ ሁሉ ይለምዳል። ይህ ግን አንገሸገሸኝ። ለእያንዳንዱ ቅንጦት ስም ያወጡለት ከዚያው ከደጉ ደንብ ውስጥ ቃል እየለቀሙ ነበር፤ ድሃ ሰው በልመና ያገኘውን ልብስ ገፍፈው ለውሻቸው እንዳለበሱ ዓይነት።

ገንዳው በባልዲ አይሞላም። ጉድጓዱን በማሽን ወደ ታች ወጉትና ትልቅ ፓምፕ ተከሉ። አንድ ዓርብ ስደርስ አሚ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ኩባያውን ሰጡኝ። እንደሳቸው አፌ ውስጥ ላቆየው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። የባሕር ውሃ ነው።

«ነቃ» አሉኝ።

ያን ቀን ባልየው ሠራተኞቹን ሊያይ መጥቶ ነበር። አሚ ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው፣ እንደ ድሮ ሰው እጃቸውን አጣምረው ቀረቡት። ፓምፑ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ብቻ እንዲሠራ፣ ውሃው እንዲያርፍ፣ አንድ ዓመት ከታገሡት ምናልባት ተመልሶ ይተኛ እንደሆነ ለመኑት። ባልየው ከስልኩ ቀና ሳይል «ዛፍ ነው የሚቆጠረው» አላቸው፤ «ደንቡ ውስጥ ውሃ የሚል የለም።» እውነቱን ነው። አንብቤዋለሁ፣ የለም። የጻፈው ሰው ውሃ ስሙ ባይጻፍም ይጠበቃል ብሎ አስቦ ይሆናል።

የወይኑ ቅጠል መጀመሪያ ዳር ዳሩ ተለበለበ። አሚ ለወይኑ ብቻ ከሰፈር ቦቴ ውሃ በጄሪካን እየተሸከሙ ማምጣት ጀመሩ፤ ያን የሚያማቸውን ወገብ ይዘው። አልበቃም። ሎሚዎቹ አበባቸውን አረገፉ፣ ከዚያ ቅጠላቸውን፣ በኻምሲኑ፣ በሚለበልበው የበጋ ነፋስ ጊዜ ደግሞ ተራ በተራ ደረቁ። ቴምሮቹ ብቻ ቆሙ። ቤቱ ሲያልቅ የወይኑን ግንድ በጥፍሬ ጫር አድርጌ አየሁት፤ ከውስጡ አረንጓዴ አልነበረም።

ማዳም ቤቱን ስታየው ወደደችው፤ ማከራየቱ ቀረና ራሳቸው ገቡበት። እኔንም ከሀራሙስ አመጡኝ። ወደ ወይኑ የሚያየው ትልቅ መስኮት እውነትም ነበረ፤ ያለበት ክፍል ግን የማዳም ሽቶና ጫማ ማስቀመጫ ሆኗል። አሚ አንድ ጠዋት በውጭ በኩል መጥተው በእጃቸው ብርሃኑን ከልለው በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ። ማዳም ከጀርባዬ ቆማ «ምንጣፉ ነጭ ነው እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ እኔ የጠየቅኋት ይመስል። አሚ የእጃቸውን አሻራ ከመስታወቱ ላይ በእጅጌያቸው ጠርገው ሄዱ። እዚያው ሞተሩ ቤት ቀሩ። ምንጣፉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ የምርመራው ቀን ተነገረ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ ዛፎቹን ይቆጥራል፣ አትክልተኛው የሚኖርበትን ያያል፤ ከተስማማ ፈቃዱ ይጸናል፣ ካልተስማማ ቤቱ ፈርሶ ቦታው እንደነበረ ይመለሳል። አሚ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብዙ ወር በኋላ ፊታቸው ፈታ አለ።

«አሚ፣ ይነግሩታል?» አልኳቸው።

«አልጮህም» አሉኝ፤ «በጌታዬ ልጅ ላይ አልመሰክርም፣ አባቱ ደግ ሰው ነበር። መዋሸት ደግሞ አልችልም። የመጣው ሰው እንግዳ ነው፤ ለእንግዳ ውሃ እሰጣለሁ። የጉድጓዱን ውሃ ከቀመሰ ሌላው በራሱ ይገባዋል።»

ያ ነበር መላቸው። ፓምፑ ከጠፋ፣ ጉድጓዱ ካረፈ፣ ያን ባልየው የናቀውን አንድ ዓመት በእጃቸው ካገኙ አትክልቱን እመልሰዋለሁ ብለው ያምኑ ነበር። ከአንድ ኩባያ ውሃ በቀር በዓለም ላይ የሚያቀርቡት ማስረጃ አልነበራቸውም።

እኔ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀቴ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የሚታደሰው በባልየው ፊርማ ነው። ማዳም በዋዜማው ከቀትር በኋላ ወጥ ቤት ገባችና አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ መሬት ላይ አስቀመጠች። ወረቀቴን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ገና አልተፈረመም።

«ነገ እንስራውን በዚህ ትሞያለሽ» አለችኝ፤ አሚ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ከዚያ እንደሚቀዱ ታውቃለች። «እንግዳ ጨው ሲጠጣ ያሳፍራል፣ አይደል? ፊርማው ከነገ በኋላ ይደርሳል።»

አልጮኸችም፣ አላስፈራራችም። ሳቅ ብላ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ወጣች። ሽቶዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረ። አሁንም ያ ሽታ ሲመጣብኝ አፌን በእጄ እይዛለሁ።

በማግስቱ ማልጄ፣ አሚ ለሶላት ሲሄዱ፣ ጨዋማውን የጉድጓድ ውሃ ከእንስራው ደፋሁ። አሥራ ሁለት ጠርሙስ፣ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ገለበጥኩ። ኩባያውን አፉ ላይ መልሼ ደፋሁ፤ ባዶ ጠርሙሶቹን ጆንያ ውስጥ ደበቅሁ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ዛሬ ለራሴ የምነግረው አንድ ነገር በኖረኝ ነበር።

ማዳም በዚያው ጠዋት ሌላ ጉድ አመጣች። ከገበያ የፕላስቲክ ወይን ገዝታለች፤ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ዘለላው ሐምራዊ፣ አቧራ የሚሰበስብ ዓይነት። የቤቱ ዘበኛና እኔ በመሰላል ወጥተን በሞተው ሐረግ ላይ ጠመጠምነው። አሚ ከሶላት ተመልሰው በሩ ላይ ቆመው አዩት። የሰፈር ፍየል ገብታ ከታች የተንጠለጠለውን አንድ ቅጠል ነጭታ ስታኝክ ቆይታ ተፋችው። በሌላ ቀን ቢሆን አሚና እኔ ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

የመጣችው ወጣት ሴት ናት፤ ሰፊ ባርኔጣ፣ ታብሌት፣ አቧራ የጠገበ ጫማ። አሰልቺ ሥራዋን በሥርዓት የምትሠራ ሰው ትመስላለች። ቴምሮቹን አንድ በአንድ በእጇ እየነካች ቆጠረች። የደረቁት ሎሚዎች አስቀድመው ተነቅለው ስለነበር ስለሌለ ዛፍ የሚጠይቅ የለም። ዳሱ ጋ ስትደርስ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር፤ ታብሌቷን ወደ ላይ አንስታ ሥዕል አነሳችና «ማሻ አላህ፣ ወይን!» አለች። ማዳም ከጎኗ ሆና በፈገግታ ተቀበለቻት። ባልየው ገንዳውን አልፎ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ከዚያ ሴትዮዋ ወደ አሚ ዞራ በሶማልኛ ጠየቀቻቸው፤ ያን ያህል እኔም እሰማለሁ።

«አባቴ፣ የሚኖሩት እዚህ ቤት ውስጥ ነው?»

«መጀመሪያ ውሃ ጠጪ ልጄ» አሉ አሚ። «ከዚያ ጠይቂኝ።»

ጎንበስ ብለው ኩባያውን ከእንስራው አፍ ላይ አነሱ፣ ሞልተው ቀዱ፣ በሁለት እጃቸው ሰጧት። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ባላየሁት እመርጥ ነበር። ሙሽራ የሚድር አባት ይመስሉ ነበር። ሴትዮዋ ሙቀቱ አቃጥሏት ኖሮ በአንድ ትንፋሽ ከግማሽ በላይ ጠጣች።

«እንዴት ይጣፍጣል! ከጉድጓዱ ነው?» አለች፣ የተረፈውን እየመለሰች።

አሚ ኩባያውን ተቀብለው ወደ ውስጡ አዩ። የቀረውን አፋቸው ውስጥ አደረጉ። እንደ ልማዳቸው አልዋጡትም፣ አልተፉትም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ውሃ በምላሳቸው ሲያመላልሱት እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አያቸው ነበር። ጉድጓድ የማያውቅ ውሃ ነው፤ ለእሳቸው ምላስ የሚሰወር አይደለም። እንስራውን የምሞላው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ያረፈው እኔ ላይ ነው።

ይተፉታል ብዬ ጠበቅሁ። የተበላሸ ውሃ ሲተፉ ዓመታት አይቻለሁ፤ ጢቅ አድርገው ነው የሚተፉት። ቢተፉት ሴትዮዋ ትጠይቃለች፣ ነገሩ ይፈታል፣ ቤቱም ይፈርስ ነበር፤ እኔም በሳምንቱ ወደ ድንበር እሸኝ ነበር። ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ስለ ወረቀቴ ቀደም ብዬ አልቅሼ ነግሬያቸዋለሁ።

ዋጡት።

«አዎ» አሉ፤ «ከጉድጓዱ ነው።»

የሚኖሩትስ እዚህ ነው ወይ ስትል ማዳም ቀድማ «እንዴታ!» አለቻት። አሚ ዝም አሉ፤ ሴትዮዋ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥራ ታብሌቷ ላይ ምልክት አደረገች። ባልየው ከዚያው ሆኖ ሳቀ። ማዳም በሦስተኛው ቀን የተፈረመውን ወረቀቴን ከአንድ አሮጌ ቀሚስ ጋር ሰጠችኝ። ወረቀቱንም ቀሚሱንም ተቀበልኩ።

አሚ የወጡት በዚያው በምርመራው ዕለት ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ምንጣፋቸውንና ሬዲዮናቸውን ጠቀለሉ፤ እንስራውን በትከሻቸው ያዙ፤ ወይን የሚገርዙበትን ማጭድ ዳሱ ላይ እንደተሰቀለ ተዉት። ልሸከምልዎት አልኳቸው። «ግድ የለም» አሉኝ፣ በደግ ድምፅ። ያ ደግ ድምፅ ከስድብ የባሰ ነበር።

ደንቡ አትክልተኛ ይፈልጋልና በእሳቸው ቦታ የተጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ያችው ሴት ስትመጣ አዲስ በተገዛ እንስራ የታሸገ ውሃ ሞልቼ፣ ኩባያውን ደፍቼ ጠበቅኋት። «የሚኖሩት እዚህ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት፤ እኔ ውሸቴን እንኳ አልነበረም። የፕላስቲኩን ወይን በየወሩ በሳሙና አጥባለሁ። የሚያስጠላኝ ማዳም ብቻ፣ ባልዋም ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ኑሮ ቀላል ነበር።

አሚን ልጠይቃቸው የሄድኩት ከስንት ማመንታት በኋላ ነው። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ የእህታቸው ልጅ ቤት ናቸው። ከገበያ ሎሚ ገዝቼ ሄድኩ። ግንቦት ነበር፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ፣ ኩርሲ አስመጡልኝ፣ ስለ ቴምሮቹ ጠየቁኝ፤ የትኛው አፈራ፣ የትኛው አዘነበለ። ቆመዋል አልኳቸው። ስለ ወይኑ አልጠየቁኝም። ከጎናቸው ያ እንስራ አለ፣ ኩባያው አፉ ላይ ተደፍቷል። እያወራን አንዲት ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ገባች፤ አሚ እያወሩ ኩባያውን አነሱ፣ ቀዱ፣ በሁለት እጃቸው ሰጧት። ጠጥታ መርቃቸው ወጣች። አንድ ሰው ደግሞ ስለ መብራት ቆጣሪ ሊያነጋግር መጣ፤ ለእሱም ቀዱለት። ኩባያውን አጥበው መልሰው እንስራው ላይ ደፉት።

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ስነሳ እስከ በሩ ሸኙኝ፣ መርቀውም ሰደዱኝ፣ «በደህና ግቢ ልጄ» አሉኝ። ለእኔ ውሃ አልቀዱልኝም።